ግራናይት በጠባብ ቅርፊት ውስጥ ቦታ የሚያገኝበት መንገድ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከዳንግላ እስከ እንጅባራ የተዘረጋው ደጋ በአብዛኛው የተሸፈነው በባዛልት፣ ማለትም ገጸ ምድር ላይ ፈስሶ በፍጥነት በበረደ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት ሲሆን፣ በእንጅባራ አቅራቢያ ያለው የዘንገና ሐይቅም የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ከዚህ ደጋ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ ሲወረድ ግን ባዛልቱ እየሳሳ ሄዶ ከሥሩ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሠረተ ዐለት ይወጣል፤ ከዚህ ዐለት አንዱ ክፍል ግራናይት ነው።

ግራናይት የሚወለደው የታችኛው የምድር ቅርፊት በሙቀት ሲቀልጥ ወይም ባዛልታዊ ቅልጥ ዐለት ቀስ በቀስ እየጠጠረ በሲሊካ የበለጸገ ቅሪት ሲተው ነው። ይህ ቅልጥ፣ ማግማ የሚባለው፣ ከከበበው ዐለት ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ገጸ ምድር ሳይደርስ ኪሎ ሜትሮች ዝቅ ብሎ ሲቀር ቀስ ብሎ ስለሚበርድ ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ማይካ በዓይን እስኪታዩ ድረስ ያድጋሉ። በዚህ መልክ የጠጠረው ግዙፍ አካል ፕሉቶን ይባላል።

አስቸጋሪው ጥያቄ የቦታ ጉዳይ ነው፤ ድፍን በሆነ ቅርፊት ውስጥ ይህን የሚያህል አካል የት ይገባል? ቀድሞ ማግማው እንደ አንድ ትልቅ ፊኛ ዐለቱን እየገፋ እንደሚወጣ ይታሰብ ነበር፤ ሆኖም የላይኛው ቅርፊት ቀዝቃዛና ተሰባሪ በመሆኑ እንዲህ ያለው ፊኛ ብዙ ሳይጓዝ በጠጠረ ነበር። ዛሬ ይበልጥ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ማግማው በጠባብ ስንጥቆች እንደሚወጣ፣ የዐለት ድርብርብ ወሰን ወይም ጠንካራ ንጣፍ ሲያግደው ወደ ጎን ዞሮ እንደ ሉሕ እንደሚነጠፍ፣ ሌላው ዙርም በላዩ ወይም በሥሩ እንደሚጨመር የሚገልጸው ነው። ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነበት ጣሪያው ወደ ላይ ይነሳል፤ ግሮቭ ካርል ጊልበርት በ1877 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩታ የሄንሪ ተራሮች ጥናቱ የገለጸው ይህንኑ ነበር። ጠለቅ ባለው ስፍራ ደግሞ ማግማው የወጣበት የታችኛው ቅርፊት ስለሚጎድል ወለሉ ሊሰምጥ ይችላል፤ ብዙ ፕሉቶኖች ከውፍረታቸው ይልቅ ስፋታቸው የሚያመዝነው ከዚህ የተነሳ ነው።

የአሞላሉ ዘገምተኛነት የታወቀው ዚርኮን በተባለ ማዕድን ውስጥ ዩራኒየም ምን ያህል ወደ እርሳስ እንደተለወጠ በመለካት ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የቱዎሎምኔ ግራናይታዊ አካል ከ95 እስከ 85 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ፣ ማለትም በ10 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ተጠናቅሯል፤ አንድ የማግማ ቋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚያ እጅግ ቀድሞ በበረደ ነበር። ስለዚህ በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል የሚታየው በቅልጥ የተሞላ ግዙፍ ዋሻ አሳሳች ነው። በዙሮቹ መካከል ያሉት ወሰኖች በዓይን የማይለዩትም፣ ትኩስ እንጀራ በትኩስ እንጀራ ላይ ሲደረብ እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ ተከታታዩ ዙር ቀዳሚው ሳይበርድ ሲደርስ ስለሚዋሐዱ ነው። በአንድ ጊዜ ምን ያህሉ ቅልጥ ሆኖ እንደሚቆይ ግን ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ።

የምዕራብ ኢትዮጵያ ግራናይቶች ከጠጠሩ በኋላ በላያቸው የነበረው ዐለት በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ውፍረቱን በመሸርሸር አጥቷል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ላቫ ሲፈስ በብዙ ስፍራ የተነጠፈው አስቀድሞ በተገለጠው በዚሁ መሠረተ ዐለት ላይ ነበር። በቆላው ዛሬ የሚታየው ግራናይት እንግዲህ ወንዞች ለሁለተኛ ጊዜ የገለጡት ነው።