ከኋላ «ኳ» ያለው ማን ነው? የስፖርት መኪና የኋላ ኃይል አስተላላፊ ክፍል ድምፅና አመረማመሩ

መኪና ከኋላ «ኳ» ሲል ብዙዎቻችን ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ዲፈረንሻሉ ነው። ምክንያቱም ትልቁና ከባዱ ዕቃ እሱ ነው፤ ድምፁም ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ይመስላል። ነገር ግን ዲፈረንሻል ውድ ነው። ተፈትቶ፣ ተቀይሮ፣ መኪናው ወጥቶ ድምፁ እንደነበረ ቢቀጥልስ? ባለንብረቱ ገንዘቡን ያጣል፣ መካኒኩ ደግሞ ስሙን ያጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ዓይነት ኪሳራ እንዳይደርስ ድምፁን በቅደም ተከተል እንዴት መመርመር እንደሚቻል ማብራራት ነው።

ድምፁ ከምን ይመጣል?

«ኳ» የሚለው ድምፅ በአብዛኛው ክፍተት በድንገት ሲዘጋ የሚፈጠር ግጭት ነው። ነዳጅ ስንሰጥ ሞተሩ ጎማዎቹን ይነዳል፤ የማርሽ ጥርሶች በአንደኛው ጎናቸው ይገፋፋሉ። እግራችንን ከነዳጅ ላይ ስናነሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ አሁን ጎማዎቹ ሞተሩን ይነዳሉ፣ ጥርሶቹም በሌላኛው ጎናቸው ይነካካሉ። በሁለቱ መካከል ጥርሱ የሚሻገራት ትንሽ ክፍተት አለች። ይህች ክፍተት የግድ መኖር አለባት፤ ካልኖረች ዘይት አይገባም፣ ማርሹም ይነክሳል። ችግር የሚሆነው ክፍተቷ ስትሰፋ፣ ወይም ዕቃውን የያዘው ጎሚኒ ተቀዶ መላው ዕቃ ሲንቀሳቀስ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፣ ክፍተት የሚኖረው በአንድ ቦታ ብቻ አለመሆኑን ነው። ካምቢዮ ውስጥ አለ፣ ክሮቼራው ላይ ሊኖር ይችላል፣ ኮሮናና ፒኞን መካከል አለ፣ ሲቪ ጆይንት ላይ አለ፣ የጎማ ሀብ ጥርሶች ላይም አለ። የምንሰማው ድምፅ የነዚህ ሁሉ ድምር ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለምሳሌ የመረጥነው መኪና

ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ለዚህ ትምህርት በጣም ተስማሚ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበ፣ ሞተሩ ከፊት፣ የሚነዳው በኋላ ጎማ የሆነ ቀላል ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ነው። አሠራሩ አንድ ልዩ ነገር አለው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ፓወር ፕላንት ፍሬም በሚባል ረጅም የአሉሚኒየም አካል በቡሎን የተያያዙ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ካምቢዮው የራሱ ድጋፍ የለውም፤ ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል እንደ አንድ ዕቃ ሆነው ከፊት በሁለት የሞተር ጎሚኒዎች፣ ከኋላ ደግሞ በዲፈረንሻሉ ሁለት ክንዶች ላይ ባሉ ጎሚኒዎች፣ በድምሩ በአራት ነጥብ ተይዘዋል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ነዳጅ ሲሰጥ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ወደ ላይ እንዳይነሳ ያደርጋል፣ መኪናውም ለነዳጅ መስጫው ፈጥኖ ይታዘዛል። ጉዳቱ ግን ለመርማሪው ነው። ብረቱ ድምፅን ከኋላ ወደ ፊት ይዞ ይመጣል። ከዲፈረንሻል ጎሚኒ የተነሳ «ኳ» ማርሽ መለወጫው ሥር ሊሰማ ይችላል። ጆሮ በብረት ውስጥ ለሚሄድ ድምፅ ጥሩ ምስክር አይደለም።

በመጀመሪያ ባለቤቱን መጠየቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ምርመራ የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከጥያቄ ነው። «ይጮኻል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። መቼ ነው የሚጮኸው? የሚለው ነው ዋናው።

ሲነሳ፣ ማርሽ ሲቀየር ወይም ነዳጅ ሲለቀቅ አንድ ጊዜ ብቻ ኳ ካለ፣ ጉዳዩ የኃይል አቅጣጫ መለወጥ ነው፤ ክሮቼራ፣ የዲፈረንሻል ጎሚኒ፣ የፓወር ፕላንት ፍሬም ቡሎን፣ ሲቪ ጆይንት ይጠረጠራሉ። ጉድጓድ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ኃይል አስተላላፊው ነፃ ሊሆን ይችላል፤ የአሞርዛተር የላይኛው ማሰሪያ፣ የሰስፔንሽን ክንድ ጎሚኒ፣ የስታቢላይዘር ማያያዣ ወይም ማርሚታ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ካሊፐርና ሸራ በቦታቸው መላወሳቸውን ማየት ነው። በጠባብ ቦታ ሲታጠፍ የሚንቀጠቀጥ ኳኳታ ደግሞ፣ ባለሸራ ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል ባላቸው መኪኖች ላይ፣ አንዳንዴ ተገቢው ዘይት ስላልተሞላ ብቻ ይመጣል። ከጎማው ፍጥነት ጋር እኩል የሚደጋገም ድምፅ ከተሰማ ግን ከሁሉ በፊት የጎማ ዳዶዎች ይፈተሹ! ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

መንገድ ላይ መፈተሽ

ከመነዳቱ በፊት የኋላ ዕቃ መጫኛው ባዶ ይደረግ። ስኮርታ ጎማና ክሪክ ተፈትተው ሲንከባለሉ ስንቱን ዲፈረንሻል አስወቅሰዋል። ከዚያ መኪና በማይበዛበት ሜዳ በ2ኛ ማርሽ ቀስ ብሎ እየነዱ ነዳጅ መስጠትና መልቀቅ ነው። ድምፁ በእያንዳንዱ ለውጥ ከመጣ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ተጠናከረ። ቀጥሎ ሞተሩን ሳያጠፉ ፎሌ አድርጎ በዝግታ ጉብታ ላይ ማለፍ። አሁን ኃይል አይተላለፍም። እንዲህም ሆኖ ኳ ካለ፣ ወደ ሰስፔንሽን መዞር አለብን።

በዚህ ዘመን አንድ ተጨማሪ መሣሪያ አለን፦ ስልክ። ስልኩን ከመኪናው ሥር፣ ከሚሽከረከር ዕቃ ርቆ፣ በደንብ አስሮ ዲፈረንሻሉን በቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ዲፈረንሻሉ በጎሚኒዎቹ ላይ ምን ያህል እንደሚዘል ቪዲዮውን በዝግታ ሲያዩት ይታያል። ሰው ግን በምንም ምክንያት ሞተሩ በሚሠራና ማርሽ በገባ መኪና ሥር መግባት የለበትም።

መኪናውን አንስቶ መመርመር

የፊት ጎማዎች ይታገዱ፤ መኪናው በክሪክ ይነሳ፣ በስታንድ ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። ሞተሩ ይጥፋ።

1ኛ፦ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ካምቢዮው ፎሌ ላይ ሆኖ ፕሮፔለር ሻፍቱን በእጅ ግራና ቀኝ ማዞር። ሻፍቱ ላይ በጠመኔ መስመር ቢሰመር እንቅስቃሴው በግልጽ ይታያል። እዚህ የምናየው ክፍተት ከዲፈረንሻል እስከ ጎማ ያለው ነው።

2ኛ፦ የክሮቼራውን ሁለት ወገኖች በሁለት እጅ ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝ። ጤነኛ ክሮቼራ ላይ የሚታይ ክፍተት መኖር የለበትም። በኩባያዎቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ኩሽኔታዎች ደርቀዋል ማለት ነው።

3ኛ፦ የእጅ ፍሬን ተለቆ፣ 1ኛ ማርሽ ገብቶ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር። አንዱን ጎማ ብቻ ካዞርን፣ ተራ ዲፈረንሻል ከሆነ ሌላኛው ወደ ኋላ ይዞራል፤ ይህ የዲፈረንሻል ተፈጥሮ እንጂ ብልሽት አይደለም።

4ኛ፦ ረዘም ባለ የብረት መፈንቀያ የዲፈረንሻሉን ክንዶች በቀስታ መጫን። ጎሚኒው ከብረቱ ተላቆ ከታየ ወይም ተሰንጥቆ ከተከፈተ ተጠርጣሪው ተገኘ። የፓወር ፕላንት ፍሬም ቡሎኖችም በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ሬንች ይፈተሹ። «በእጄ አጥብቄዋለሁ» ማለት መለኪያ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሲሆኑ የአክስል ሻፍቶቹ አንግል ይለወጣል። መኪናው መሬት ላይ እያለ የማይሰማ ድምፅ ተንጠልጥሎ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ አጠራጣሪ ውጤት ሲገኝ ሰስፔንሽኑን ከታች ደግፎ ወደ መደበኛ ከፍታው አምጥቶ መድገም ይገባል።

ጥቂት ስሌት

ፕሮፔለር ሻፍቱ ላይ ሰፊ እንቅስቃሴ ስናይ ዲፈረንሻሉን ለመኮነን እንቸኩላለን። እስቲ እናስላው። የመጀመሪያው ባለ1.6 ሊትር ኤም ኤክስ-5 የመጨረሻ ማርሽ ሬሾ 4.3 ነው። ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ሻፍቱ 4.3 ዙር ይዞራል ማለት ነው። እንግዲያው በሁለቱም አክስል ሻፍቶች ላይ 1 ዲግሪ ክፍተት ቢኖር፣ ፕሮፔለር ሻፍቱ ላይ 4.3 ዲግሪ ሆኖ ይታያል።

በአንጻሩ የኮሮናና ፒኞን ጤነኛ ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር እምብዛም አይርቅም። የኮሮናው ዲያሜትር 150 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ይህ ኮሮናው ላይ ከ0.08 ዲግሪ ያነሰ፣ ፒኞኑ ላይ ደግሞ 0.33 ዲግሪ ገደማ ነው። ትናንሾቹ የውስጥ ማርሾች የራሳቸውን ቢጨምሩም፣ ሻፍቱ ላይ የምናየው ትልቅ እንቅስቃሴ ከዲፈረንሻሉ በስተውጭ ካለ ትንሽ መላላት ሊመጣ እንደሚችል ስሌቱ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማዎቹንና አክስል ሻፍቶቹን ማየት ነው።

ድምፁ ትልቅ፣ መድኃኒቱ ትንሽ

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ኒሳን 350 ዜድ ነው። ብዙዎቹ ሲነሱ፣ ወይም ወደ ኋላ ሄደው እንደገና ወደ ፊት ሲሉ ከኋላ ጎማ አካባቢ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰሙ ነበር። ምክንያቱ ዲፈረንሻሉ አልነበረም። የውጭኛው ሲቪ ጆይንት ትከሻ ከጎማው ኩሽኔታ ጋር የሚገናኝበት ፊት ይደርቅና ይጣበቃል፤ ኃይል ሲመጣ ደግሞ በድንገት ይንሸራተታል። መፍትሔው ፈትቶ ማጽዳት፣ ፊቱን ግሪስ መቀባትና ዳዶውን በታዘዘው ልክ ማጥበቅ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን አክስሉን በሙሉ ሊያስገዛ ይችላል።

ዲፈረንሻሉ መቼ ይከፈታል?

ከላይ ያሉት ሁሉ ታይተው ንጹሕ ከሆኑ በኋላ ነው። ከመከፈቱም በፊት ዘይቱ ይውረድ። ማግኔት ባለው መድፈኛ ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ መገኘቱ የተለመደ መበላት ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስንጣሪ ወይም የጥርስ ቁራጭ ከተገኘ ግን ክርክሩ አለቀ፤ ይከፈታል። የማያቋርጥ ፉጨት ወይም ጉምጉምታ፣ በተለይ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ቃናው የሚለወጥ ከሆነ፣ የኮሮናና ፒኞን ወይም የኩሽኔታ ምልክት ነው። እሱ ከአንድ ጊዜ «ኳ» የተለየ በሽታ ነው።

ማጠቃለያ

አንዳንዶች «እኛ የምንሠራው ሃይሉክስና ሚኒባስ ላይ ነው፤ የስፖርት መኪና ምን ያደርግልናል?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሃይሉክስ ላይ የኋላው አክስል ወጥ ነው፣ ዲፈረንሻሉም በጎሚኒ አልተንጠለጠለም፤ በሱ ፋንታ የባሌስትራ ማሰሪያዎች ይፈተሻሉ። ክሮቼራው፣ ክፍተቱና የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው። የሚለያየው የዕቃው ስም እንጂ የማሰቡ ሥርዓት አይደለም።

ስለሆነም አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በዎርክሾፓችን የሥራ ካርድ ላይ «የሚቀየረው ዕቃ» ከሚለው ቦታ በፊት «ድምፁ መቼ ይሰማል? በየትኛው ፍተሻ ተረጋገጠ?» የሚል ሁለት መስመር ቢጨመር መልካም ነው። እነዚህ ሁለት መስመሮች ሳይሞሉ ዕቃ ይቀየር ማለት፣ ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደሚፈርደው ፍርድ ነው። ለፍርዱ የሚከፍለው ደግሞ ቁልፉን አምኖ ሰጥቶን የሄደው ሰው ነው።