የአክሪሊክ ጥፍር ፈሳሾች ምርጫ እና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ሰው ሠራሽ ጥፍር ለመሥራት የሚያገለግሉ ፈሳሾች ይዘታቸው ሳይታወቅ በጥቅም ላይ ሲውሉ በተገልጋዮችም ሆነ በውበት ሳሎን ሠራተኞች ጤና ላይ ጉዳት እንደሚያደርሱ የተለያዩ አገሮች ተሞክሮ ያመለክታል። ጉዳዩ ከተጠቃሚዎች ምርጫ ባሻገር የንግድ ፈቃድ የሚሰጡ፣ ገበያን የሚቆጣጠሩና የሠራተኛ ደኅንነትን የሚከታተሉ አካላትን ትኩረት የሚሻ ነው።

አክሪሊክ ጥፍር የሚሠራው ፈሳሽና ዱቄትን በማዋሃድ ነው። ባለሙያው ብሩሹን ሞኖመር ተብሎ በሚጠራው ፈሳሽ ነክሮ ጥቂት ዱቄት ካነሳ በኋላ በጥፍሩ ላይ ያሳርፈዋል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የፈሳሹን ሞለኪውሎች እርስ በርስ እንዲያያዙ ስለሚያደርግ ውህዱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ጠንካራ ፕላስቲክነት ይለወጣል። ፈሳሹ በቀላሉ ተንኖ በአየር ስለሚተነፈስና ሳይጠነክር ቆዳን ከነካ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ በደኅንነት ረገድ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሳው ሁለት ፈሳሾች ናቸው። የመጀመሪያው ሜቲል ሜታክሪሌት፣ ሁለተኛው ኤቲል ሜታክሪሌት ይባላል። ሜቲል ሜታክሪሌት መስታወት መሰል ፕላስቲክ ለማምረት፣ ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲሚንቶና ለሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያ የሚያገለግል የኢንዱስትሪ ኬሚካል ሲሆን፣ በብዛት ስለሚመረት ዋጋው ዝቅተኛ ነው። አንዳንድ የጥፍር ማስዋቢያ ቤቶችን ወደ እርሱ የሚስበውም ይኸው ዋጋ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሜቲል ሜታክሪሌት ካለባቸው ሰው ሠራሽ ጥፍሮች ጋር የተያያዙ በርካታ አቤቱታዎች ደርሰውት ነበር። ከአቤቱታዎቹ መካከል የጥፍር መጎዳትና ቅርጽ መበላሸት እንዲሁም የቆዳ መቆጣት ይገኙባቸዋል። አስተዳደሩ የቆዳ ሐኪሞችን ካማከረ በኋላ መቶ በመቶ ከዚህ ፈሳሽ የተሠሩ ምርቶችን በፍርድ ቤት አማካይነት ከገበያ ለማስወጣት ወሰነ። በዚህም መሠረት እ.ኤ.አ. በ1974 በአንድ አምራች ላይ የእግድ ትእዛዝ የተላለፈ ሲሆን፣ ሌሎች ምርቶችም ተይዘዋል ወይም በአምራቾቹ ፈቃድ ከገበያ ተሰብስበዋል።

ይሁንና በፌዴራል ደረጃ ኬሚካሉን በስም ለይቶ በውበት መጠበቂያዎች ውስጥ የሚከለክል ደንብ አልወጣም። ክፍተቱን የሞሉት ካሊፎርኒያን ጨምሮ በሳሎኖች ውስጥ አገልግሎት ላይ እንዳይውል የከለከሉ ክፍለ ግዛቶች ናቸው። አስተዳደሩ የውበት መጠበቂያ ምርት ከገበያ እንዲሰበሰብ በራሱ የማዘዝ ሥልጣን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ነው። ይኸው ሕግ ለባለሙያዎች ብቻ የሚሸጡ ምርቶችም በጥቅላቸው ላይ የይዘት ዝርዝር እንዲይዙ ያስገድዳል።

ሜቲል ሜታክሪሌት ያለበት ጥፍር እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። ጥፍሩ በድንገት ሲመታ ወይም በር ላይ ሲያዝ አክሪሊኩ ከመሰበር ይልቅ ተፈጥሯዊውን ጥፍር ከሥጋው ገንጥሎ ሊያወጣ ይችላል። በአሴቶን ሲዘፈዘፍም በቀላሉ ስለማይሟሟ ብዙ ጊዜ ተሞርዶ ወይም በኃይል ተፈልቅቆ ይነሳል፤ ይህም ተፈጥሯዊውን ጥፍር ያሳሳል።

ፈሳሹን ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ጠንካራና ቶሎ የማይጠፋ ለየት ያለ ሽታ፣ በሞረድ በቀላሉ የማይበላ ጥፍር፣ ከሌሎች ቤቶች እጅግ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲሁም ስም የሌለው ዕቃ ጥርጣሬ ሊያሳድሩ ይገባል። አስተማማኙ ማረጋገጫ ግን የጥቅሉ ጽሑፍና የምርቱ የደኅንነት መረጃ ሰነድ ነው። በዓለም አቀፍ የኬሚካሎች መለያ ቁጥር መሠረት ሜቲል ሜታክሪሌት 80-62-6፣ ኤቲል ሜታክሪሌት ደግሞ 97-63-2 የሚል ቁጥር አላቸው። የንግድ ስሙ ቢለያይ እንኳ ቁጥሩ ስለማይለወጥ ለተቆጣጣሪ ባለሙያ ቀላል መፈተሻ ነው።

ኤቲል ሜታክሪሌት የተሻለ አማራጭ ነው ሲባል ጉዳት የለሽ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ የውበት መጠበቂያ ግብዓቶችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ቡድን ምርቱ በሠለጠነ ሰው እስከተሠራበትና ቆዳን እስካልነካ ድረስ ለአገልግሎት ሊውል እንደሚችል ደምድሟል። በመሆኑም ቅድመ ሁኔታው በጥብቅ ሊጠበቅ ይገባል። በአውሮፓ ኅብረትም በፈሳሹ ውስጥ ማጠንከሪያውን ለማፋጠን ይጨመር የነበረው ዳይሜቲል ቶሊላሚን የተሰኘ ኬሚካል እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ በውበት መጠበቂያዎች ውስጥ ታግዷል።

ከአክሪሊኩ በፊት የሚቀባው ፕራይመርም ትኩረት ያሻዋል። አንዳንዱ ፕራይመር ሜታክሪሊክ አሲድ ስላለበት ቆዳን ያቃጥላል። በአሜሪካ ሕፃናት በዚህ ፈሳሽ ጉዳት በመድረሱ ከ5 በመቶ በላይ አሲዱን የያዙ የቤት ውስጥ ፈሳሾች ሕፃናት በማይከፍቱት ክዳን እንዲታሸጉ የሚያስገድድ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቷል።

ከተገልጋዮች ይልቅ ለትነቱ የሚጋለጡት ቀኑን ሙሉ በሥራው ላይ የሚቆዩ ሠራተኞች ናቸው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደር ደንብ መሠረት በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን በአየር ውስጥ የሚገኘው የሜቲል ሜታክሪሌት መጠን በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን 100 እጅ መብለጥ የለበትም። የጠርሙስ ክዳንን መዝጋት፣ ለአንድ ሥራ የሚበቃውን ብቻ በትንሽ ዕቃ መቅዳት፣ ፈሳሽ የነካው ጥጥና ወረቀት ክዳን ባለው ማጠራቀሚያ መጣል፣ የኬሚካል መከላከያ ጓንት ማድረግና አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ መሣሪያ መትከል ከሚመከሩት እርምጃዎች መካከል ናቸው። ተራ የአፍና አፍንጫ ጭንብል አቧራ ቢቀንስም ትነትን አይከላከልም።

በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችን በቁጥጥር ማዕቀፉ ውስጥ አካትቷል። ምርቶቹን ወደ አገር የሚያስገቡ ነጋዴዎች የይዘት ዝርዝርና የደኅንነት መረጃ ሰነድ እንዲያቀርቡ መጠየቅ፣ በሳሎን ቁጥጥር ወቅትም የጠርሙሱን ጽሑፍ ከሰነዱ ጋር ማመሳከር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው። ተገልጋዮችም ፈሳሹ ከዋናው ጠርሙስ ሲቀዳ እንዲያዩ መጠየቅ መብታቸው ሲሆን፣ ማሳከክ፣ መቅላት ወይም የጥፍር መላቀቅ ሲያጋጥማቸው አገልግሎቱን አቋርጠው ሐኪም ማማከር ይጠበቅባቸዋል።