ሴት ልጃችን በፊልም ውስጥ የምታየው ማንን ነው?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንድ ወላጅ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ይኸውም ሴት ልጆቻችን የሚያዩት ፊልም ነው። «የኔ ልጅ ፊልም አታይም» የሚል አባት ካለ ማታ ማታ ስልኩን ማን እንደሚይዘው ልብ ይበል። ቀድሞ በጥሊሊም ሆነ በእንጅባራ ፊልም ለማየት ቪዲዮ ቤት ገብቶ መክፈል ያስፈልግ ነበር፤ ሴት ልጅ ደግሞ እዚያ ዝር አትልም ነበር። አሁን ፊልሙ በሚሞሪ ካርድ ተጭኖ እስከ መኝታ ቤት ይገባል። ፊልም ሐላል ነው ወይስ ሐራም የሚለውን ክርክር ለዑለማዎቻችን እንተወው። ልጂቱ እያየች መሆኗን ካመንን ግን «ማንን ነው የምታየው?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ ድርሻ ነው።

በማስተምርበት ሰባተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎችን «በፊልም ካያችኋቸው ሴቶች መካከል ማንን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አብዛኞቹ ከቱርክኛ ወደ አማርኛ ተመልሰው ከሚቀርቡት ተከታታይ ድራማዎች ውስጥ ስም ጠሩ። «ሥራዋ ምንድን ነው?» ስላቸው ተያዩ። ቆንጆ ናት፣ ሀብታም ወዷታል፣ ሌላዋ ቀንታባታለች፤ ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር አልተገኘም። አንዲት ልጅ ብቻ «ደራርቱ ቱሉን» አለች። ጓደኞቿ «እሷ እኮ ፊልም አልሠራችም!» ብለው ሳቁባት። እኔ ግን መልሷን ወድጄዋለሁ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከዚያም ከኋላዋ የገባችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ የሚያሳየውን ምስል ልጅቷ በስልክ አይታዋለች። ለእሷ ያ ፊልም ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በአዊም ሆነ በቀረው ጎጃም መምህር የሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የጥር ሠርግ አልፎ ትምህርት ቤት ስንመለስ የአንዲት ልጅ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቆያል። «ታማ ነው» ይባላል፤ በኋላ መዳሯ ይሰማል። ክርስቲያን ብትሆን ሙስሊም ብትሆን ልዩነት የለውም። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ሃይማኖታችንም ልጅቱ ሳትጠየቅ ኒካሕ እንዳይታሰር ያዛል። ታዲያ ይህች ልጅ ስትጠየቅ የምትመልሰውን ከየት ትማር? አንዲት ሴት በራሷ ጉዳይ አስባ ስትወስን፣ ለውሳኔዋም ዋጋ ስትከፍል አይታ ታውቃለች ወይ? እኔ ለልጆች ፊልም ስመርጥ የምፈልገው ይህን ነው። ሰይፍ የምትመዝና ከፎቅ የምትዘል ጀግና በየስልኩ ሞልታለች።

በሙስሊም ቤት ፊልም ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው «አር-ሪሳላ» ነው። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝኛና በዐረብኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን፣ ሁለት ጊዜ የሠራው ይህ ፊልም ከሐበሻ ምድር ጋር የሚያገናኘን ትልቅ ትዕይንት አለው፤ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ሲናገር። ነገር ግን ፊልሙን በሴት ልጅ ዓይን እንየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአክብሮት አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ባለቤቶቻቸውም እንዲሁ አይታዩም። ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ኸዲጃም ዓኢሻም (ረ.ዐ) በሌሉበት ፊልም ውስጥ ሱመያ (ረ.ዐ) ለጥቂት ደቂቃ ታይታ ትገደላለች። ከዚያ በኋላ ማያውን ሞልታ የምትታየው ሴት ሂንድ ናት፤ ሐምዛን ያስገደለችው ሂንድ። በኋላ እስልምናን መቀበሏ እርግጥ ነው፤ ልጆች ግን የሚያስታውሱት በቀል ስትፈልግ ያዩዋትን ነው። በእንግሊዝኛው አይሪን ፓፓስ፣ በዐረብኛው ሙና ዋሲፍ ሲጫወቷት ከዓይን አትጠፋም።

የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ነው። ጃዕፈር በነጃሺ ፊት ምን እንዳለ፣ ቁረይሾች ምን ስጦታ ይዘው እንደመጡ፣ ንጉሡ ምን እንደመለሰ በዝርዝር የምናውቀው ከአንዲት ሴት አንደበት ነው፤ ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ)። ከባለቤቷ ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰዳ በዚያ ዘመን እዚሁ ምድር ላይ ነበረች። በኢብኑ ኢስሓቅ ሲራ ውስጥ ታሪኩ የሚተረከው በእርሷ በኩል ነው። ከዓመታት በኋላ፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ሆና ሳለ፣ በሁደይቢያ ሰሐቦች በውሉ አዝነው መሥዋዕታቸውን ለማረድ ባመነቱ ጊዜ፣ ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ ሐሳብ ያቀረበችው እርሷ ናት። እንደተባለው ሆነ፤ ሰዎቹም ተከተሉ። እንዲህ ያለችውን ሴት ፊልም አያሳየንም፣ ሊያሳየንም አይችልም። ስለዚህ «አር-ሪሳላ»ን ለልጆች የሚከፍት ወላጅ የነጃሺ ትዕይንት ላይ ሲደርስ አቁሞ «ይህን የነገረችን ማን ናት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ፊልሙ የተወውን እሱ ይሞላዋል።

ወደ አገራችን ፊልሞች ስንመጣ «ድፍረት»ን የሚያህል አላገኘሁም። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ በአማርኛ የሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የርዕሱን ቃል ልብ በሉ፤ ጀግንነትንም ይላል፣ ደፍሮ ማዋረድንም ይላል። ታሪኩ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ከተደፈረች በኋላ ልታመልጥ ስትል የጠላፊዋን መሣሪያ አንሥታ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ያዙት። ልጅቷ ራሷን በመከላከል ነው ያደረገችው ተብላ በነፃ ተለቀቀች።

እኛ የምንኖረው ፈረስ በሚከበርበት አገር ነው። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ በቀይና በቢጫ መጣብር ባጌጡ ፈረሶች ሲጋልቡ ልጆቻችን በደስታ ያያሉ። የእህቶቼን ሴት ልጆች ሰብስቤ «ድፍረት»ን ስከፍትላቸው ያ የመጀመሪያ ትዕይንት ሲመጣ ታናሺቱ «ሠርግ ነው!» አለች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

ብዙ ሰው ፊልሙን ሲያወራ ስለ ጥይቱ ያወራል። በኔ አስተያየት ግን ልጅ ሊቀርባት የሚገባው ጠበቃዋ ናት። ሜሮን ጌትነት የተጫወተቻት ይህች ሴት አትጮህም፤ የሕግ ቁጥር ታውቃለች፣ ፖሊስ ጣቢያ ገብታ ትጠይቃለች፣ ስትባረር ተመልሳ ትመጣለች። የተማረች በመሆኗ ነው ይህን የቻለችው። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሴት ልጅ ጋብቻ 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን 18 አደረገው። ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለማግባት ብሎ በኃይል የሚጠልፍን ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። ወይዘሮ መዓዛ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ፊልሙን መጀመሪያ ካዩት ይልቅ በዚህ ተገረሙ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አይገባም። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሞ ነበር። ታሪኳ የተሠራባት ሴት፣ ያኔ አድጋ፣ ሳልጠየቅ ነው ብላ ከሳ ነበርና። ትእዛዙ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ስለ አንዲት ልጅ ፈቃድ በተሠራ ፊልም የልጅቷ ፈቃድ አከራከረ ማለት ነው። ትልልቆቹ ልጆች ላይ ይህን ጥያቄ ብታነሱት ከፊልሙ እኩል ያወያያል። ስሟን እኔም አልጽፈውም።

ሴት ልጆቻችን በሒጃብ ያለች ልጅ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና ማየት ይፈልጋሉ፤ ይህንንም ፊት ለፊት ጠይቀውኛል። በአማርኛ እንዲህ ያለ ፊልም ላሳያቸው አልቻልኩም። ስለዚህ ወደ ሪያድ ሄድን፤ ወደ «ወጅዳ»። ሃይፋ አል-መንሱር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው ይህ ፊልም ሙሉ በሙሉ ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ የተቀረጸ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው። አዘጋጇ በአደባባይ ከወንድ ሠራተኞች ጋር መታየት ስለማትችል መኪና ውስጥ ተቀምጣ በመገናኛ ሬዲዮ ነበር የምታዝዘው። ታሪኩ ቀላል ነው። ወጅዳ አረንጓዴ ብስክሌት ትፈልጋለች፤ ዋጋው 800 ሪያል ነው። ለሴት ልጅ ነውር ነው ትባላለች። ትምህርት ቤቷ የቁርኣን ውድድር ሲያወጣ ሽልማቱ 1000 ሪያል መሆኑን ሰምታ ትመዘገባለች።

ወላጆች እዚህ ላይ «ቁርኣንን ለብስክሌት?» ይላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፊልሙም የልጅቷን ኒያ ንጹሕ አድርጎ አያቀርበውም። ነገር ግን ስትጀምር እየተደናቀፈች የምታነበው፣ እናቷ እያረመቻት ቀስ በቀስ ድምፅዋ ሲስተካከል ማየት ለመድረሳ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። የኛዎቹ ልጆች ስሕተቷን ከእናቷ ቀድመው ያርሙ ነበር። አባትየው ሌላ ሚስት ለማግባት መዘጋጀቱና የእናትየው ኀዘንም በፊልሙ ውስጥ አለ፤ ለዚህ መልስ ይዛችሁ ተቀመጡ፣ መጠየቃችሁ አይቀርምና። ቋንቋውን በተመለከተ በመድረሳ የተማርነው ፉስሓ ለክፍሉ ትዕይንት ይረዳል፤ ለመንገዱ ወሬ ግን ብዙም አይበቃም። እኔ እያቆምኩ በአማርኛ እነግራቸው ነበር፤ ከምገምተው በላይ ትዕግሥት አላቸው።

ለታናናሾቹ ከሁሉ የምመርጠው የኢራናዊው መጂድ መጂዲ «የሰማይ ልጆች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ። ዐሊ የእህቱን የዛህራን ጫማ አሳድሶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ሌላ መግዣ የለውም። ስለዚህ እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጥንድ ጫማ ይማራሉ፤ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ ታቀብለዋለች። በፈረቃ ለሚማሩና ጫማ ለሚዋዋሱ የኛ አገር ልጆች ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ዛህራ አንድ ቀን የራሷን ጫማ በሌላ ልጅ እግር ላይ ታየዋለች። ከወንድሟ ጋር ተከትላ ቤቷ ድረስ ትሄዳለች፤ የልጅቷ አባት ዓይነ ስውር ነው። ሁለቱ ተያይተው ምንም ሳይሉ ይመለሳሉ። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ሴት ልጅ በፊልም አላየሁም፤ ዕድሜዋ ግን የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቢሆን ነው።

ገና ፊደል ለሚቆጥሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» አለ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን ያስጀመረችው የቀጭኔዋ ፀሐይ ታሪክ ነው። እሷው በኋላ ያዘጋጀችው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና የወር አበባን ሦስት ልጃገረዶች በሥዕል ያወሩበታል፤ አባቶች ለመናገር የሚያፍሩትን ነገር ይናገራልና እናቶች አብረው ይዩት።

«ድፍረት»ን ከ13 ዓመት በታች ላለች ልጅ አልከፍትም፤ የመደፈሩ ክፍል ሲደርስም ትልቅ ሰው ከአጠገቧ ይቀመጥ፣ ቢዘለልም ታሪኩ አይጎድልም። ፊልም የሚጭኑት ሱቆች «ወጅዳ»ንም «የሰማይ ልጆች»ንም በስማቸው ላያውቋቸው ይችላሉ፤ ስሙን በወረቀት በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ስጧቸው። መብራት በሚሄድበት በኛ ከተማ ደግሞ ከ«የሰማይ ልጆች» መጀመር ይሻላል። 89 ደቂቃ ነው፤ የሞላ የስልክ ባትሪ ይበቃዋል፣ ንግግሩም ጥቂት ስለሆነ አስተርጓሚ ብዙ አይደክምም።