የጥርስ ሕመም፦ ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

የጥርስ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚብሰው ሌሊት ነው። ጋደም ሲሉ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር የታመመው ጥርስ ይበልጥ ይጠዘጥዛል። ጠዋት ቀለል ሲልዎት «ተሻለኝ» ብለው ወደ ሥራዎ ይሄዳሉ። ከመርሳ ወይም ከሐብሩ የገጠር ቀበሌዎች ወልድያ ድረስ መሄድ ገንዘብም ቀንም ስለሚወስድ ይህን ቢያደርጉ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ለቀናት ሲጠዘጥዝ የቆየ ጥርስ በድንገት ዝም ሲል ዳነ ማለት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሞተው በጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ነው። ኢንፌክሽኑ በሥሩ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይዘልቅና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መግል ቋጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ሕመሙ ቢተውዎትም ይታዩ።

ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡ ለአፍታ ነዝሮ ወዲያው የሚተው ከሆነ አያስቸኩልም፤ በተመቸዎት ቀን ይታዩ። ትኩስ ቡና ከጠጡ በኋላ ለደቂቃዎች የሚቆይ፣ ያለ ምክንያት የሚነሳ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ወይም ሲያኝኩ የሚያም ከሆነ ግን ከሁለት ቀን በላይ አይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ጥርሱን ሳይነቀል ማከም ይቻል ይሆናል፤ በዘገዩ ቁጥር ያለው ምርጫ መንቀል ብቻ እየሆነ ይሄዳል። ሁሉም ጤና ጣቢያ የጥርስ ሕክምና ስለማይሰጥ ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ቢያጣሩ ከንቱ ጉዞ ይቀርልዎታል።

ሌሊትም ቢሆን የማይታደርበት

ጉንጭ ወይም ከአገጭ በታች አብጦ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ካቃተ፣ ምራቅ መዋጥ ከከበደ፣ ድምፅ ከተቀየረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ለሕይወት ያሰጋል። ኢንፌክሽኑ ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሲወርድ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። አምቡላንስ ይጥሩ፤ ካልተገኘ በተገኘው መኪና በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። «እብጠቱ ሳይጎድል ጥርስ አይነካም» የሚለውን ሰምተው ቤት አይጠብቁ፤ መግሉ መቼ እንደሚወጣና ጥርሱ መቼ እንደሚነቀል የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

እስከዚያው

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ይጉመጥመጡ። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ መውሰድ ይቻላል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። የጉበት ሕመም ካለብዎ ወይም ክብደትዎ ዝቅተኛ ከሆነ አስቀድመው ባለሙያ ይጠይቁ። አስፕሪን፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም አረቄ ድድ ላይ ማድረግ ድዱን ያቃጥላል፤ ቁስሉ በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይሆንብዎታል። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም አይበጅም። እብጠቱን ለጊዜው ቢያስታግሰውም የሕመሙ ምንጭ ጥርሱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

የልጅዎን ጥርስ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ብለው አይተዉት፤ ኢንፌክሽኑ ከሥሩ የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ደግሞ ድዱን አስፈልፍሎ ጥርስ ማስወጣት ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ተቅማጡን አያቆምም።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ። እርግዝና የጥርስ ሕክምናን አይከለክልም።