ያውቁ ኖሯል? የአራስ ድብርት በቤት ለቤት ምክክር ይታከማል

አራስ ጥየቃ ስንሄድ ገንፎው ይበላል፣ ሕፃኑ ይመረቃል፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የእናቲቱን መልስ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ከነፍሰ ጡሮች 10 በመቶ፣ ከወለዱት ደግሞ 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት ያጋጥማቸዋል። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ከዚህም ይብሳል።

ለመለየት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው የኤድንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ብቻ አሉት፤ የሚጠይቀውም ስላለፉት 7 ቀናት ስሜት ነው። ድካምን አያነሳም፤ ሌሊቱን ስታጠባ ያደረች ሴት ብትደክም ምኑ ይገርማል! የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ «አዎ» ያለች እናት በቀጠሮ አትሸኝም፤ የዚያኑ ዕለት መታየት አለባት።

ሕክምናውስ? በፓኪስታን ራዋልፒንዲ ገጠር እንደኛ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየመንደሩ የሚዞሩ ሴቶች ሠልጥነው፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ ድብርት የያዛቸውን እናቶች እቤታቸው ድረስ እየሄዱ አወያዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ፦ በወለዱ በ6 ወራቸው አሁንም በድብርት ውስጥ የነበሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ሥልጠናውን ባልወሰዱ ሠራተኞች ከተጎበኙት ግን 53 በመቶ ነበሩ። የጉብኝቱ ብዛት በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ውይይቱ ነበር። ባልና አማት ጭምር ተካፍለውበታል።