የአየር ኃይል ሞተር እንዴት ለጨረቃ ጉዞ ዋለ?

ሰውን ወደ ጨረቃ ያነሣው ሞተር በመጀመሪያ በአየር ኃይል ትእዛዝ የተጀመረ መሆኑን በፊዚክስ ትምህርት ጊዜ ከመምህራችን ሰምቼ እጅግ ተደነቅሁ። ነገሩን ተከታትዬ የተረዳሁትን እነሆ በአጭሩ አቀርባለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 የአሜሪካ አየር ኃይል፥ ሮኬትዳይን የተባለው ኩባንያ በኋላ ኤፍ-1 የተባለውን ታላቅ ሞተር እንዲያጠና አደረገ። ነገር ግን ለአየር ኃይሉ ይህን ያህል ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አልተገኘም። በ1958 ናሳ ሲቋቋም ሥራው ወደ እርሱ ተዛወረ፤ በ1960ም በቬርነር ፎን ብራውን የሚመሩት የምድር ጦር የሮኬት መሐንዲሶች ወደ ናሳ ገቡ።

ሞተሩ የተጣራ ላምባና ፈሳሽ ኦክሲጅን በየሰከንዱ ከ2 ቶን ተኩል በላይ ያነድ ነበር። ታላቁ ችግር፥ እሳቱ በውስጡ እየተናወጠ ሞተሩን ማፍረሱ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በሚነደው ሞተር ውስጥ ሆን ብለው ትንንሽ ቦምብ እያፈነዱ፥ ነበልባሉ ከተናወጠ በኋላ በራሱ የሚረጋ እስኪሆን ድረስ አሠራሩን አሻሻሉ። በ1969 እንዲህ ያሉ አምስት ሞተሮች አፖሎ 11ን ከምድር አነሡ።

ይሁን እንጂ ፎን ብራውን ቀድሞ ለጀርመን ጦር የሠራው ሮኬት በለንደን ላይ ወድቆ ብዙ ሰው ፈጅቷል። እንግዲህ እሳቱ ራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ክፉ ወይም ደግ የሚያደርገው የሚያዝዘው ሰው ነው። ትምህርታችንን ጨርሰን የምንወጣ ተማሪዎችም፥ ያገኘነውን ዕውቀት ለምን እንደምናውለው ከአሁኑ ልናስብበት ይገባናል።