የአርመርድ ኬብል ደኅንነት በጫፉ ይለካል

ከእንጅባራ ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጫግኒም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለውኃ ፓምፕ ወይም ለሕንፃ ኃይል የሚያደርሰው መስመር በመሬት ውስጥ እንዲቀበር ሲፈለግ በአብዛኛው አርመርድ ኬብል ይመረጣል። ይህ ኬብል በፕላስቲክ የተለበጡ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሽቦዎችን፣ እነዚህን አንድ ላይ የሚያቅፍ የውስጥ ልባስን፣ በላዩ ላይ የተጠመጠሙ የብረት ዘንጎችን፣ በመጨረሻም ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ የውጭ ልባስን የያዘ ነው።

የብረቱ ሽፋን ኬብሉን ከድንጋይ ጫናና ከዶማ ምት ይከላከላል፤ ነገር ግን ከመሬት መስመር ጋር በሚገባ ካልተገናኘ ራሱ የአደጋ ምንጭ ይሆናል። የአንዱ ፌዝ ልባስ ተጎድቶ ብረቱን ቢነካ፣ ከመሬት አንጻር 220 ቮልት የሚደርስ ኃይል ወደ ብረቱና ኬብሉ ወደሚገባበት ፓነል አካል ይዛመታል፤ ብረቱ ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን በድንገት የሚፈሰው ከፍተኛ ኃይል ብሬከሩን ስለሚያወርደው መስመሩ ወዲያው ይቋረጣል።

ይህን ግንኙነት የሚያስገኘው ግላንድ የተባለው የነሐስ ማሰሪያ ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ኃይሉን አጥፍቶ፣ ማንም እንዳያበራው ቆልፎና መስመሩ ባዶ መሆኑን በመሣሪያ አረጋግጦ የውጭውን ልባስ ይገፍፋል፤ ቀጥሎም የብረት ዘንጎቹን በሴጌቶ እስከ ግማሽ ውፍረታቸው ብቻ ቆርጦ እያጠፈ ይሰብራቸዋል፤ መጋዙ ዘልቆ ከሄደ የውስጡን ልባስ ይጎዳልና። የተረፉት ዘንጎች በግላንዱ ሾጣጣ ክፍል ዙሪያ እኩል ተበትነው በቀለበት ይጠበቃሉ፤ በግላንዱና በፓነሉ መካከል የሚገባው የመሬት መስመር ማያያዣም በዳዶ ይታሰራል። ዘንጎቹን ጠምዝዞ በአንድ ብሎን ማሰር ግን ከፍተኛውን ኃይል ላይሸከም ስለሚችል ተገቢ አይደለም።

የክረምቱ ዝናብ በሚበረታበት በአዊ ዞን ከቤት ውጭ ለሚገጠም ኬብል፣ የውጭውን ልባስ በጎማ ቀለበት አጥብቆ እርጥበት የሚያግድ ግላንድ ሊመረጥ ይገባል፤ ለቤት ውስጥ የተሠራው ዓይነት ውኃ ስለሚያስገባ ብረቱ ውሎ አድሮ ይዝጋል።

ሥራው ሲያበቃ የመሬት መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለመቋረጡና የልባሶቹ መቋቋም ይለካሉ፤ በ500 ቮልት ሲፈተን ከ1 ሜጋ ኦም በታች የሚያሳይ ኬብል ኃይል ሊሰጠው አይገባም። ስለዚህ የንብረቱ ባለቤት ሥራውን ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይስጥ፤ የልኬቱን ውጤት በጽሑፍ ሳይቀበልም ክፍያውን አይጨርስ።